ኤስ ኤስ ዲ ብዙ ሲጻፍበት ስለሚዘገይበት ምክንያትና ስለ አመራመሩ

በ2015 ዓመተ ምሕረት በግንቦት ወር ከአንድ የወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ደብዳቤ በእጄ ገባ። ቃሉም ባጭሩ እንዲህ የሚል ነበር፤ ለመዝገብ ቤቱ በዚሁ ዓመት የተገዛው ኤስ ኤስ ዲ የተባለው የፋይል ማስቀመጫ ሐሰተኛ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ የግምጃ ቤቱም ጠባቂ እውነተኛውን ሸጦ በምትኩ ይህን አግብቷል ተብሎ ስለ ተጠረጠረ፣ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ሰውየው ከሥራው ታግዷል፤ ስለዚህ የሚመረምር ሰው ይላክልን። እኔም ከአንድ የኮምፒዩተር ባለሙያ ጋራ ወደዚያው ሄድሁ።

ክሱ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነበር። የወረዳው የይዞታ ካርታና በሥዕል የተነሣው የመዝገብ ገጽ ሁሉ፣ ልኩ 400 ጊጋባይት የሚያህል፣ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጦ ይኖራል፤ ያም ኮምፒዩተር በየጊዜው በገዛ ራሱ እየጠፋ ስላስቸገረ፣ ክረምት ሳይገባ ግልባጩ ይወሰድ ተብሎ ታዘዘ። ጸሐፊው አዲሱን ኤስ ኤስ ዲ በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ መቅዳት ሲጀምር ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ400 ሜጋባይት በላይ ሆኖ ታየ፤ ሥራውም በሩብ ሰዓት ገደማ ያልቃል ተብሎ ተነገረ። ሁለት ደቂቃ ያህል እንደ ቈየ ግን ፍጥነቱ በድንገት ወደ 90 ወረደ፤ የቀረውም ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው የሚል ተጻፈ። ጸሐፊው ደንግጦ ገመዱን ነቀለ። ወዲያው እንደገና ቢጀምር ከመጀመሪያው ቀሰስ ብሎ ሄደ። ሌሊቱን እንደ ተሰካ ካደረ በኋላ በማግሥቱ ጧት ቢሞክረው ደግሞ እንደ ትናንቱ ፈጥኖ ጀምሮ እንደ ትናንቱ ደከመ። ጉዳዩን ሊያዩ የተሰበሰቡትም ሁሉ፣ ጧት የሚፈጥን ረፋዱ ላይ የሚሰንፍ ዕቃ ያለ ተንኰል አይገኝም ብለው ፈረዱ።

ዳሩ ግን ዕቃው ሐሰተኛ አልነበረም፤ የታመመም አልነበረም። ከዞንና ከወረዳ የሚመጡት ደብዳቤዎች ይህን የመሰለ አቤቱታ ደጋግመው ስለሚያነሡ፣ ሹማምንቱ አንድን ዕቃ ከመጣላቸው፣ ይልቁንም አንድን ሰው ከመክሰሳቸው በፊት ምክንያቱን ከሥሩ እንዲያውቁት ከዚህ በታች ተጽፏል።

ኤስ ኤስ ዲ እንደ ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳሕን የለውም። የሚጻፈው ሁሉ ፍላሽ በሚባል የሲሊከን ቍራጭ ላይ ነው፤ ከፍላሽም ዓይነት ናንድ የተባለውን በጃፓን አገር በቶሺባ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፉጂዮ ማሱኦካ ከባልንጀሮቹ ጋራ በ1987 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለሊቃውንት አስታውቆታል። በዚህ ሲሊከን ውስጥ ሴል የሚባሉ እጅግ የረቀቁ ክፍሎች ይገኛሉ፤ በየሴሉም የኤሌክትሪክ ሙሌት ይቀመጣል፤ የሙሌቱ ልክ ጽሕፈቱ ነው ማለት ነው።

ይህንም በጋን ምሳሌ መረዳት ይቻላል። በአንድ ጋን ውስጥ ውኃ አለ ወይስ የለም ብሎ ለመለየት የሚፈልግ ሰው፣ ሲሞላው በእንስራ ገልብጦ ይሞላዋል እንጂ አይጨነቅም። በጋኑ ውስጥ ግን 16 ምልክት ተሠምሮ ውኃው ከአንዱ ምልክት ላይ ሳያልፍና ሳይጎድል ይቁም ቢባል፣ በጽዋ እየጨመሩ፣ ጎንበስ ብለው እያዩ፣ እንደገና ጥቂት እየጨመሩ መሙላት ግድ ይሆናል። በአንድ ሴል ውስጥ አንድ ቢት ብቻ የሚጽፈው ፍላሽ ኤስ ኤል ሲ ይባላል፤ ሁለት ልክ ብቻ ስላለው ቶሎ ይጻፍበታል። ሦስት ቢት የሚጽፈው ቲ ኤል ሲ 8 ልክ፣ አራት ቢት የሚጽፈውም ኪው ኤል ሲ 16 ልክ አለው። ልኩ በበዛ ቍጥር በአንዱ ቍራጭ ላይ ብዙ ይጻፋል፣ ዋጋውም ይረክሳል፤ ነገር ግን መጻፉ ይዘገያል። ዛሬ በገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ነው።

እንግዲህ ሠሪዎቹ ይህን መዘግየት ከገዢው ዓይን ለመሰወር አንድ ብልሃት አበጁ። ከሴሎቹ አንዳንዱን ለጊዜው እንደ ኤስ ኤል ሲ አንድ አንድ ቢት ብቻ ይጽፉበታል፤ ይህም ስፍራ ካሽ ይባላል። ነገሩ እህል በመከር ጊዜ ወደ ጎተራ እንደሚገባበት ሥርዓት ነው። እህል የጫኑ አህዮች ሲደርሱ ጭነቱ መጀመሪያ በደጁ ላይ ይራገፋል፤ ከዚያ በኋላ በቍና እየተሰፈረ በዝግታ ወደ ጎተራ ይገባል። ደጁ እስኪሞላ ድረስ አንድም አህያ አይቆምም። ደጁ ሲሞላ ግን ኋላ የመጣው አህያ ሁሉ ሰፋሪው እስኪጨርስ ጭነቱን እንደ ተሸከመ ይቆማል፤ ያን ጊዜ የሥራው ፍጥነት የአህዮቹ መሆኑ ቀርቶ የሰፋሪው ይሆናል። ኤስ ኤስ ዲውም እንደዚሁ ነው። ሥራ ሲያርፍ፣ ኤሌክትሪክ እስካልተቋረጠበት ድረስ፣ በካሹ ያለውን በገዛ ራሱ ወደ ዋናው ስፍራ ያዛውራል፤ ደጁም ተጠርጎ ያድራል። የዚያ ወረዳ ጸሐፊ ዕቃው ሌሊቱን ተሰክቶ ካደረ በኋላ ጧት ፈጥኖ ያገኘው ስለዚህ ነው፤ ነቅሎ ወዲያው በሰካው ጊዜ ግን ደጁ ገና እንደ ሞላ ስለ ነበረ ከመጀመሪያው ዘገየበት።

ይህን ነገር አንዳንድ ፋብሪካ በገዛ መግለጫው ጽፎት ይገኛል። ሳምሰንግ በ2020 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለገበያ ያወጣው 870 ኪው ቪ ኦ የተባለው ኤስ ኤስ ዲ በሴኮንድ እስከ 530 ሜጋባይት ይጽፋል፤ ነገር ግን ባለ 1 ቴራባይቱ ካሹ 42 ጊጋባይት ነው፤ ካሹ ሲያልቅ ወደ 80 ሜጋባይት ይወርዳል። ባለ 2 ቴራባይቱ ካሹ 78 ጊጋባይት ሲሆን ከዚያ በኋላ 160 ሜጋባይት ይጽፋል። እንግዲህ 400 ጊጋባይት በባለ 1 ቴራባይቱ ላይ ቢቀዳ፣ የመጀመሪያው 42 ጊጋባይት በ80 ሴኮንድ ያህል ይገባል፤ የቀረው 358 ጊጋባይት ግን 75 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በሳጥኑ ላይ ያለውን ቍጥር ብቻ አይቶ ያሰበ ሰው ግን ሥራው በ13 ደቂቃ ያልቃል ብሎ ይጠብቃል። ደኅና የሆነ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ትልልቅ ፋይል ሲጻፍበት በሴኮንድ ከ100 ሜጋባይት በላይ ስለሚጽፍ፣ ለእንዲህ ያለው ረዥም ሥራ አሮጌው ዘዴ አዲሱን የሚቀድምበት ጊዜ አለ፤ ይህን ስነግራቸው ያልሣቀብኝ ሹም ጥቂት ነው።

በዚህም ላይ የካሹ ስፋት ሁልጊዜ አንድ አይደለም። በብዙዎቹ ዕቃዎች ካሹ የሚሠራው ባዶ ከሆነው ስፍራ ተቈርሶ ነው፤ አራት ቢት የሚይዘውን ሴል አንድ ቢት ብቻ ስለሚጽፉበት፣ 200 ጊጋባይት ባዶ ያለው ኪው ኤል ሲ ቢበዛ 50 ጊጋባይት ካሽ ያገኛል፤ 40 ብቻ ከቀረው ከ10 አይበልጥም። ስለዚህ በመስከረም ፈጣን የነበረው ዕቃ በሰኔ፣ መዝገቡ ሲሞላበት፣ ገና በጀመረ በጥቂት ሴኮንድ ይደክማል።

ሲሞላ የሚዘገይበት ሌላም ምክንያት አለ። በብራና ላይ የተጻፈን ነገር ለመለወጥ ፍቆ እንደገና መጻፍ እንደሚያስፈልግ ቆሎ ተማሪ የነበረ ሁሉ ያውቃል። ፍላሽም ሳይፋቅ በላዩ አይጻፍበትም። ልዩነቱ ግን፣ ብራና ፋቂ አንዲት መስመር ለይቶ መፋቅ ይችላል፤ ፍላሽ ግን አንዱን ገጽ ለብቻው መፋቅ አይችልም፤ የሚፋቀው ብዙ ገጽ ያለበት ጥራዝ በሙሉ ነው። በጥራዙ ውስጥ ገና የሚፈለግ ገጽ ቢኖር አስቀድሞ ወደ ሌላ ጥራዝ መገልበጥ አለበት። ባዶ ስፍራ በጠበበ ቍጥር ይህ መገልበጥ ይበዛል፤ ባለቤቱ አንድ ጻፍ ሲለው ዕቃው በውስጡ ሁለትና ሦስት ይጽፋል። ደግሞም ሰው አንድን ፋይል ሲሰርዝ ኮምፒዩተሩ ከመዝገቡ ስሙን ይፍቃል እንጂ ገጾቹ የማይፈለጉ መሆናቸውን ለኤስ ኤስ ዲው ካልነገረው፣ ዕቃው የሞተውን ገጽ እንደ ሕያው ቈጥሮ ሲያገላብጠው ይኖራል። ይህን የሚነግርበት ትእዛዝ ትሪም ይባላል፤ በ2009 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከወጣው ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ለተገጠመ ኤስ ኤስ ዲ በገዛ ራሱ ይላካል። ከውጭ በዩኤስቢ ሳጥን የሚሰካ ከሆነ ግን ትእዛዙን የማያሳልፍ ሳጥን ብዙ ነው።

እንግዲህ ምርመራው ምን ይመስላል? ከሁሉ አስቀድሞ፣ ዕቃው ዘገየ ተብሎ መካከል ላይ አይነቀል። ቀጥሎ፣ የዘገየበት ፍጥነት ስንት ነው ከማለት ይልቅ የዘገየው ስንት ጊጋባይት ከተጻፈ በኋላ ነው ተብሎ ይጠየቅ። ከ100 ጊጋባይት የማያንስ ትልቅ ፋይል ይቀዳ፤ ፍጥነቱ የወደቀበት ልክ በወረቀት ይጻፍ፤ ፋይሉ ተሰርዞ፣ ትሪም ተልኮ፣ ዕቃው ተሰክቶ ለጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ እንደገና ይቀዳ። ሦስት ጊዜ ተደርጎ ሦስቱም ጊዜ የወደቀበት ልክ ከተቀራረበ፣ ነገሩ የካሽ ማለቅ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሴኮንዶች የሚታየው ፍጥነት አይታመን፤ ኮምፒዩተሩ የመጣውን በገዛ ማስታወሻው ተቀብሎ ገና ወደ ዲስኩ ሳያደርስ ጻፍሁ ስለሚል ነው።

ፍጥነቱ በተወሰነ ልክ ላይ ሳይሆን ዕቃው ሲግል የሚወርድ፣ ሲበርድም የሚመለስ፣ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ምክንያቱ ሙቀት ነው። ኤም ዶት 2 የሚባሉት ፈጣኖቹ ቀጫጭን ኤስ ኤስ ዲዎች ሙቀታቸው ብዙ ጊዜ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲደርስ ራሳቸውን ከጕዳት ለማዳን ሆን ብለው ይዘገያሉ። እንደ ሰመራና እንደ ጋምቤላ ባለ ቆላ አገር የክፍሉ አየር አስቀድሞ ስለሚግል ይህ ቶሎ ይመጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዕቃው ከቆዳ ማኅደሩ ይውጣ፣ በኮምፒዩተሩ ላይ ከመደረብ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ማራገቢያ ይዙርለት፣ ሥራውም በሌሊት ይሁን። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም ሙቀቱን በቍጥር ያሳያል።

ገና ከመጀመሪያው ቀሰስ ብሎ የሚሄድና ከ30 ወይም ከ40 ሜጋባይት ከቶ የማያልፍ ሲሆን ግን ኤስ ኤስ ዲው ሳይሆን ቀዳዳው ይመርመር፤ የቀድሞው ዩኤስቢ 2 ከዚህ በላይ አያስተላልፍም። ገመዱም የስልክ መሙያ ገመድ እንዳይሆን ይታይ። ደግሞም የሚቀዳው አንድ ትልቅ ፋይል ሳይሆን እልፍ አእላፍ ትንንሽ ሥዕል ከሆነ፣ በየፋይሉ መክፈትና መዝጋት ስላለ በማናቸውም ዕቃ ላይ ይዘገያል፤ ያን ጊዜ ሁሉን በአንድ ዚፕ ፋይል ጠቅልሎ መቅዳት ይሻላል። የሚቀዳበት ምንጭ ራሱ የደከመ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ደግሞ በተቀባዩ ላይ መፍረድ ከንቱ ነው።

ስለ ትሪም ከሆነ፣ በዊንዶውስ ውስጥ ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ የሚለው ስፍራ ተከፍቶ ዲስኩ ሶሊድ ስቴት ተብሎ መጻፉ ይታይና ኦፕቲማይዝ የሚለው ይጫን፤ በሊኑክስ ኤፍ ኤስ ትሪም የሚለው ትእዛዝ ይህንኑ ያደርጋል። ሳጥኑ ትእዛዙን የማያሳልፍ ሆኖ ከተገኘ፣ ኤስ ኤስ ዲው ከሳጥኑ ወጥቶ በኮምፒዩተር ውስጥ ተገጥሞ ይደረግለት። ከዲስኩም አምስተኛው እጅ ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ ይቈይ።

አንዳንዶች ሥራውን በ40 በ40 ጊጋባይት ከፋፍሎ እያሳረፉ መቅዳት ይበጃል ይላሉ። ሥራው በብዙ ቀን የሚከፋፈል ከሆነ እውነት ነው፤ በአንድ ሌሊት ማለቅ ያለበት ከሆነ ግን በዕረፍቱ ጊዜ ዕቃው ያንኑ ዝግተኛ ሥራ ስለሚሠራ የሚተርፍ ጊዜ የለም። እኔ የምመክረው፣ መዘግየቱ ታውቆ፣ ኤሌክትሪክ እንዳይቋረጥ ዩፒኤስ ተደርጎ፣ ሳይነኩት እስኪጨርስ መተው ነው።

በእውነት የታመመ ወይም ሐሰተኛ የሆነ ዕቃ ምልክቱ ሌላ ነው። ፍጥነቱ ዜሮ ሆኖ ለብዙ ጊዜ ይቆማል፤ ከኮምፒዩተሩ በገዛ ራሱ ይጠፋና ይመለሳል፤ የተጻፈው ሲነበብ ስሕተት ይላል። የጤና መዝገቡም ይመሰክራል፤ የተጠባባቂው ስፍራ መጕደል፣ የንባብ ስሕተት መብዛት፣ ያገለገለበት ልክ 100 ከመቶ ማለፍ የሚታዩት በዚያ ነው። ሐሰተኛው ደግሞ ውስጡ ጥቂት ሆኖ 1 ቴራባይት ነኝ ብሎ የሚዋሸው ነው፤ ይህም የሚታወቀው ኤፍ 3 ወይም ኤች 2 ቴስት ደብልዩ በሚባል ፕሮግራም ዲስኩን እስከ ጫፍ ሞልቶ የተጻፈውን መልሶ በማንበብ ብቻ ነው። በመዘግየት ብቻ ሐሰተኛ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም።

ግዢን በሚመለከት አንድ ነገር ልናገር። የጨረታ ኮሚቴዎች በማስታወቂያቸው ላይ የሚጽፉት ስንት ቴራባይት እንደሆነና ከፍተኛው ፍጥነት ስንት እንደሆነ ብቻ ነው፤ ከዚያም ርካሹን ይወስዳሉ። ከፍተኛው ፍጥነት የደጁ እንጂ የጎተራው አይደለም። ካሹ ካለቀ በኋላ በሴኮንድ ከዚህ ልክ የማያንስ ይጻፍ የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ከብዙ ጠብ ያድናል። ለደብዳቤና ለሒሳብ ብቻ ለሚውል ኮምፒዩተር ግን ኪው ኤል ሲው ይበቃል፤ በቀን 42 ጊጋባይት ደብዳቤ የሚጽፍ ጽሕፈት ቤት ገና አላየሁም።

ወደዚያ ወረዳ በደረስን ጊዜ ይህንኑ አደረግን። ሦስቱን ጊዜ ፍጥነቱ የወደቀው ከ44 እስከ 45 ጊጋባይት መካከል ነበረ። ከምሳ በኋላ ዲስኩን እስከ ጫፍ ሞልተን መልሰን ስናነብ መሸብን፤ አንዲት ስሕተት አልተገኘችም። በላዩ ያለው ቍጥርም በግዢው ደረሰኝ ላይ ካለው ጋራ አንድ ሆነ። ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤ አስጽፈው እግዱን በዚያው ማታ አነሡ።

እውነተኛው ጕዳት ግን የተገኘው ማንም ባልጠረጠረው ስፍራ ነበር። ፈተናውን ሳንጀምር፣ ጸሐፊው በሦስተኛው ቀን ቀስ እያለ እንዲጨርስ ትቶት የተቀዳውን ግልባጭ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር አዛውረን ነበርና፣ እርሱን ከዋናው ጋራ አመሳከርነው። ጸሐፊው ገመዱን ከነቀለ በኋላ በጀመረ ጊዜ፣ ቀድሞ የተቀዳውን ዝለል የሚለውን መርጦ ኖሮ፣ በተነቀለበት ቅጽበት በመጻፍ ላይ የነበሩት ፋይሎች መጠናቸው ልክ መስሎ ውስጣቸው ጎዶሎ ሆኖ ቀርቷል። በቍጥር ሲታዩ ሁሉም አሉ፤ ሻ 256 በሚባለው ሒሳብ አንድ በአንድ ሲመሳከሩ ግን ከአንድ ቀበሌ ካርታ አራት ሉሆች ከዋናው ጋራ ሳይገጥሙ ቀሩ፤ ስንከፍታቸውም አልተከፈቱም። ያ አሮጌ ኮምፒዩተር ከመመሳከሩ በፊት ጨርሶ ሞቶ ቢሆን ኖሮ የነዚያ ባለይዞታዎች ወሰን በወረቀት ብቻ ይቀር ነበር።

በማግሥቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ዩፒኤስ ተሰክቶ ሁሉም ከመጀመሪያው ተቀዳ። በሁለተኛው ደቂቃ ፍጥነቱ ወደ 90 ሲወርድ ማንም ከወንበሩ አልተነሣም። 11 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሲሆን አለቀ፤ ሲመሳከርም ሁሉ ገጠመ። በርክክቡ ሰነድ ላይ በተረካቢው ስፍራ የፈረመው ያው የግምጃ ቤቱ ጠባቂ ነው።